አክስቴ ስድብ ያቆመች ሰሞን

ሰኞ

ለመላው ዘመድ አዝማድ፣ በሩቅም በቅርብም ለምትገኙ ወዳጆች፣ እንዲሁም ይህን ደብተር ሳይፈቀድለት ለሚያነብ ማንኛውም ቀላዋጭ፦ ከታላቅ ሐዘን ጋር የሚከተለውን እንገልጻለን። አክስቴ ጨዋ ሆናለች።

ነገሩ የታወቀው ዛሬ ቁርስ ላይ ነው። አንድ ኩባያ ሙሉ ሻይ ብርድ ልብሷ ላይ ደፋሁ። አምልጦኝ እንዳይመስልህ፣ አውቄ ነው። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። ደህና ቀን ቢሆን "አንተ እጀ ሰባራ! አንተ ሲባጎው የላላ! እጅህን ማነው የገጠመልህ?" ብላ ትጀምርና እስከ ምሳ ትዘልቀው ነበር። ዛሬ ግን ብርድ ልብሱን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "አይዞህ ልጄ፣ ሳታየው ነው።"

ልጄ! ሰው ሁሉ የሚጠራኝ ፌንጣ እያለ ነው። አክስቴ ደግሞ ፌንጣ ላይ እንደ ቀኑ ሁኔታ ትጨምርበታለች። "ልጄ" ስትለኝ የማስታውሰው አንዴ ብቻ ነው፤ እናቴ የሞተች ዕለት። ስለዚህ ዛሬም ማን ሞተ ብዬ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ሁሉም ቁጭ ብሎ ዳቦውን ይበላል።

በል እንተዋወቅ። ወንዙ ሞልቶ ሰፈራችን የገባ ጊዜ ሰዉን ሰብስበው ትምህርት ቤት አስገቡን። እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ "በቃኝ" ብዬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ይኸው ጎርፉ ያለ ፈተና ስምንተኛ አስገባኝ። ስምንተኛ "ለ"፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር። ከአጠገባችን ጋሼ ሹፌሩ አሉ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ጸጉር ሠሪዋና ትንሿ ልጇ ሚጢጢ። ሌላውም ሰው አለ፣ ግን ያንኮራፋል እንጂ አይናገርም።

አንተን የሰጠችኝ አማካሪዋ ናት። በየቀኑ ትመጣለች፤ የሰው ፊት የተሣለባቸው ካርዶች ይዛ "ዛሬ የቱ ነዎት?" እያለች ትዞራለች። ወይዘሪት ፊት ብያታለሁ። "ስሜትህን ጻፍበት" አለችኝ። "ስሜቴ እርቦታል ብዬ ልጻፍ?" አልኳት። "እሱንም ጻፍ" አለች። እርቦታል።

የአክስቴ ሙያ ፍራሽ ነው። የጥጥ ፍራሽ፣ በእጅ የሚሰፋ። ሱቋ ወንዙ ዳር ነበር። ነበር ነው እንግዲህ።

ማክሰኞ

ሩጫ ላይ ነኝ፣ ባጭሩ።

ጫማዋን ደበቅኩባት። ምንም ሳትል በባዶ እግሯ ሄዳ ውሃ ቀድታ መጣች። ደንግጬ ራሴው አምጥቼ እግሯ ሥር አስቀመጥኩት።

ሻይዋ ላይ ጨው ጨመርኩበት። እኔ ቀምሼው ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሷ እስከ ጭላጩ ጠጣችውና ኩባያውን መለሰችልኝ። "ጥሩ ነበር።"

ጥሩ ነበር!

ረቡዕ

የውሃ ወረፋው ብልሽትሽቱ ወጥቷል። መጀመሪያ የገባን ሰሞን ወረፋውን ቀጥ አድርጋ ይዛው የነበረችው አክስቴ ናት፤ በምላሷ። አሁን ጀሪካን በጀሪካን ላይ ይወጣል፣ ሰው በሰው ላይ ይወጣል።

ሻሿን ጠምጥሜ፣ ወገቤን ይዤ፣ ቧንቧው ፊት ቆምኩ። "አንቺ ባለ ቢጫ ጀሪካን! ወረፋ ከኋላ ነው የሚያዘው፤ ወይስ አንቺ ጀርባሽ በፊት በኩል ነው የተሰፋው? አንተስ ረጅሙ! ቁመት ቅድሚያ ይሰጣል ብሎ ማን ነገረህ?" ድምጿን ቁጭ አድርጌዋለሁ። ጸጉር ሠሪዋ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ጋሼ ሹፌሩ "እግዜር ያሳይህ፣ ራሷን እኮ ነው!" አሉ። ወረፋው ራሱ ለትንሽ ጊዜ ተስተካከለ።

አክስቴ ከበሩ ላይ ሆና ስታየኝ ነበር። ሳቅ አለች። እንደ እንግዳ ሰው ሳቅ። "ጎበዝ" አለችኝ።

በሕይወቴ ጎበዝ ብላኝ አታውቅም። ሻሿን ፈትቼ መለስኩላት።

ሐሙስ

ወይዘሪት ፊት ካርዶቿን ይዛ መጣች። አምስት ፊት አለ፤ የሚስቀው፣ ፈገግ ያለው፣ ምንም የማይለው፣ ያዘነው፣ የሚያለቅሰው። ጋሼ ሹፌሩ አገላብጠው አዩና "ጥርሱን ያመመው የለም?" አሉ። አክስቴ ያለ ማመንታት የሚስቀውን አነሣች። አነሣችና ለአማካሪዋ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ገባኝ። ልጅቷ እንዳይከፋት ብላ ነው። አክስቴ! ደንበኛ "ፍራሹ ትንሽ ጠነከረብኝ" ሲላት "አንተ ነህ የጠነከርከው" ብላ የምትመልስ ሴት!

ወይዘሪት ፊት ለእኔም ካርዶቹን ዘረጋችልኝ። አንዱን መዘዝኩና ጢም ሣልኩበት፣ ኪሴ ከተትኩት። የቱ እንደሆነ ለማንም አላሳየሁም። አንተም ደብተር፣ የማያገባህን አትጠይቅ።

ኮሪደር ላይ ተከትያት ወጣሁ። "ስሚ ወይዘሪት፣ አክስቴ ታማለች።"

"ትኩሳት አላቸው?"

"የለም፣ ታመሰግናለች።"

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። መስኮቱ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ሁሉንም አስለፈለፈችኝ፤ ስለ ሱቁ፣ ስለ ስድቡ፣ ስለ ጨዉም ጭምር። ከዚያ "'እንዴት ነሽ' ብለህ አትጠይቃት፣ 'ደህና' ትልሃለች" አለች። "የምታውቀውን ጠይቃት። አንዳንድ ሰው 'አይዞሽ' ሲሉት አይነሣም። ሲፈልጉት ነው የሚነሣው።"

"ምን ብዬ ልፈልጋት?"

ወደ ክፍሉ ውስጥ አየች። ያ ሁሉ ሰው በቀጭን ምንጣፍ ሲሚንቶ ላይ ተኝቷል። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ እንደገና ሲሚንቶውን። ደደብ ብሆንም እስከዚህ አይደለሁም።

ዓርብ

ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ነበር፤ ማለት ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ከፍቼ። ጸጉር ሠሪዋ የአክስቴን ጸጉር እየሠራች "ዝናቡ ሲያባራ ሱቁን ተባብረን እናጸዳዋለን እኮ፣ እትዬ" አለቻት።

"ለማን ብዬ?" አለች አክስቴ፣ ቀስ ብላ። "ሰው ስፖንጅ ነው የሚገዛው። እኔም ደከመኝ። ልጁም አድጓል፣ ከእንግዲህ አያስፈልገውም።"

ልጁ ማን እንደሆነ አላወቅኩም። እዚህ ብዙ ልጅ አለ።

ማታ ሾርባዬን ለሚጢጢ ሰጠኋት። ስላልጣመኝ ነው።

ቅዳሜ

ከጋሼ ሹፌሩ ጋር የእጅ ጋሪ ለምነን ሱቁ ሄድን። ጭቃው ግድግዳው ላይ ከበሩ ጉበን በላይ መስመር ትቷል። የልብስ ስፌት መኪናው በጎኑ ተጋድሟል፤ አፉን ቢከፍት ጭቃ እንጂ ክር የሚወጣው አይመስልም። ጋሼ ሹፌሩ ኮፍያቸውን አወለቁለት። እኔ አንድ ቀልድ ልናገር አፌን ከፈትኩ። አልመጣልኝም።

ግን ጥጡ! አክስቴ አይጥ ስለምትፈራ የጥጥ ከረጢቶቿን ጣሪያው ሥር ከአግዳሚው ጋር ነው የምታስራቸው። ወንዙ እንደ አይጥ ሲንጠራራ ከርሞ ሳይደርስባቸው ቀርቷል። ደረቅ ናቸው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቆርቆሮም እንዳለ ነው፤ ውስጡ መቀስ፣ ሰማያዊ ሲባጎ፣ አንዲት ትንሽ መርፌና አንድ ረጅም የፍራሽ መርፌ። ርዝመቱ ከስንዝር ያልፋል። ሌሎቹን ረጃጅም መርፌዎች ጎርፉ ወስዷቸዋል፤ አሁን ወንዙ ፍራሽ ይሥራባቸው።

ጋሼ ሹፌሩ ጋሪ እየገፉ እንኳ መታጠፊያ ላይ እጃቸውን ያወጣሉ። ባዶ መንገድ ላይ! "ከኋላህ ማን እንዳለ አታውቅም" ይላሉ። ከኋላችን አንድ ውሻ ነበር፣ እሱም አመሰገነ።

ከረጢቶቹን አክስቴ እግር ሥር ዘረገፍኳቸው። ቀና ብላ አላየችም። "እንዴት ነው የሚፍታታው፣ እትዬ?"

"እንደፈለግክ አድርገው፣ ልጄ።"

እንደፈለግክ! ጥጥ በቀኝ እጅ ይዤ በግራ ሳፍታታ "ግራኝ ሰይጣን" ብላ ከረጢት የወረወረችብኝ ሴት!

ሰኞ

ማስታወቂያ ተናገርኩ፤ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ። "ክቡራትና ክቡራን! ታዋቂው የፍራሽ ሊቅ ፌንጣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ጀምሯል። ጀርባችሁን አዘጋጁ።" አጨበጨቡ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የአዳራሹን አሮጌ መጋረጃዎች ለፍራሽ ልባስ ሰጠን። በረንዳው ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ።

ደብተር ሆይ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የፍራሽ ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከላይ ይወጋል፣ አንዱ ከታች ተቀብሎ መልሶ ይወጋል። የፍራሹ አፍ በትንሿ መርፌ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ አክስቴ "መርፌ!" ብላ ትጣራለች፤ እኔ ረጅሙን ወደ ላይ አንሥቼ "በእጄ!" እላለሁ። ይህ ሳይባል አፉ አይሰፋም። መርፌ ጥጥ ውስጥ ከቀረ ዓይን አያገኘውም፤ የተኛ ሰው ጎን ግን ያገኘዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራዬ "በእጄ" ማለት ነበር። ደመወዜም ስድብ።

ዛሬ ብቻዬን ከላይም ከታችም እየዞርኩ እንደ ፍየል ስዘል ዋልኩ። የመጀመሪያውን ልዘጋ ስል ከልማድ "መርፌ!" ብዬ ጮህኩ። ማንም አልመለሰም። በመስኮቱ አየኋት፤ ተኝታለች፣ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ። ከንፈሯ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ዝንብ ይሆናል።

ረቡዕ

ጋሼ ሹፌሩ አንገታቸው ተቆልምሞ ተነሡ። "ፍራሹ ደህና ነው" አሉ፣ ጎናቸውን እያሹ። "ግን መሐሉ ላይ የፍጥነት መቀነሻ አለ። ዳገቱን ስጨርስ ደግሞ ጉድጓድ። ሌሊቱን ሙሉ በሁለተኛ ማርሽ ነው የተኛሁት።"

"ቀበቶ ማሰር ነበረብዎታ!"

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ፍራሽ የደረሰው ሁሉ የራሱን ማማት ጀመረ፤ የአንዱ ግመል ነው፣ የአንዱ የድንች ከረጢት ነው። ወይዘሪት ፊት ቆማ ስትሰማ ነበር። "ስለ ጎርፍ ያልተወራበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው" አለችኝ።

እኔ ግን ሆን ብዬ አይደለም ያበላሸሁት። እንደ ጓደኛ ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ። እውነት ጥሩ ለመሥራት ሞክሬ ነው።

አክስቴ ወደ ውጭ ስትወጣ የጋሼ ሹፌሩን ፍራሽ ጥግ በጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ አለፈች። ግንባሯ ቋጠር ብሎ ተመልሶ ተፈታ። ሌላ ማንም አላየም። ብዙም አልጓጓሁም። ሦስት ጊዜ ብቻ በበሩ በኩል ተመልሼ አየኋት።

እሑድ

ዝናብ። ጥጡ ይረጥባል ብዬ ሥራ የለም። አክስቴ ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳው ጋር ተፋጣ ዋለች። ሰሌዳው ላይ "ልታልፍ ያሰብክ ጎበዝ ሂሳብህን አስተካክል" ብዬ ጻፍኩላት። "ጥሩ ጽሑፍ ነው" አለች።

ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት

መርፌው የለም።

መርፌው የለም። ረጅሙ መርፌ ቆርቆሮው ውስጥ የለም፣ በረንዳው ላይ የለም፣ ሲባጎው ላይ የለም። ዛሬ ጠዋት የሚጢጢን ፍራሽ ዘጋሁ፣ የሌሎችንም ዘጋሁ። "መርፌ" ብዬ ነበር? መልስ የሚሰጠኝ ስለሌለ መጥራቱን ትቼው ነበር። መጨረሻ የትኛውን እንደወጋሁበት አላስታውስም፤ ከዚያ ጥድፊያ፣ ከዚያ ከረጢት ተሸከምኩ፣ ከዚያ የለም።

የሚጢጢ ፍራሽ።

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ። "ፍራሽ ሁሉ ፀሐይ ይሙቅ! የሊቁ ትእዛዝ ነው!" ውጭ ፀሐይ የለም። "ደመና ይሙቅ!" አልኩ። ሳቁ፣ ግን አወጡልኝ። አንድ በአንድ በመዳፌ እየተጫንኩ ፈተሽኩ። በዚያ ሁሉ ጓጎላ መሐል መርፌ አይደለም፣ አካፋ ቢኖርም አይገኝም።

ሚጢጢ ደግሞ ከኋላዬ እየተከተለች "ጭራ አለህ! ጭራ አለህ!" እያለች ትስቅብኛለች። ይህን ሁሉ ማሾፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። "አዎ፣ ዝንጀሮ ነኝ፣ ሂጂ ተጫወቺ" አልኳት። ፍራሿ ላይ ዘላ ልትቀመጥ ስትል ቀልቤ ተገፈፈ፤ በአየር ላይ ቀለብኳት። ጨዋታ መሰላት። "እንደገና!" አለች።

ሊመሽ ነው። ሰው ፍራሹን ይፈልጋል። ብናገር የሠራሁትን ሁሉ አውጥተው ይጥሉታል፣ ልክም ናቸው። ባልናገርስ? እንዴት ነው የማልናገረው? ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። ብርድ ነው።

ልነግራት ነው። ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም።

ማክሰኞ፣ ምሽት ላይ

ደብተር ሆይ፣ ተቀመጥ። ተቀምጠሃል? እንግዲህ ስማ።

አክስቴ አጠገብ ተንበረከክሁ። ፊቷ ወደ ሰሌዳው ነው። "እትዬ፣ መርፌው ጠፋ።"

ጠጋ አልኩ።

"ረጅሙ። ፍራሽ ውስጥ ሳልዘጋው አልቀርም። የሚጢጢ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም።"

ትከሻዋ ቀጥ አለ። "ማነው 'በእጄ' ያለው?" አለች፣ ሳትዞር።

"ማንም።"

ተነሥታ ተቀመጠች። ጉንጯ ላይ የምንጣፉ መስመር ታትሟል። መጀመሪያ አየችኝ፤ እንደ አዲስ ሰው ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ አፏን ከፈተች።

"መርፌ ጠፋ? ቆመህ መርፌ ጠፋ ትለኛለህ? አንተ ያልተፍታታ ጥጥ! አንተ አፉ ያልተሰፋ ከረጢት! ጭንቅላትህን ከፍቼ ብገለብጠው ለአንዲት ትራስ የሚሆን ነገር ይወጣዋል? ሕፃን ልጅ በሚተኛበት ነገር ውስጥ! ለመሆኑ ፍራሽ ብቻውን የሚዘጋ ማን ነው? የምትጠራው ሰው አጣህ? እኔ ሞቻለሁ? ንገረኝ፣ ሞቻለሁ ወይ?"

"አልሞትሽም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም!"

ጠርቼሽ ነበር ልላት አሰብኩ። አላልኩም።

ጋሼ ሹፌሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ያ የሚያንኮራፋው ሰውዬ እንኳ ተነሥቷል። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ።

"ማነው የሚያጨበጭበው? ቲያትር መሰለህ? አንተ ዙር!" አለችኝ። ዞርኩ። ጃኬቴን ከጀርባዬ ጨምድዳ ያዘችና ትንሽ ቆየች። ልትመታኝ ነው ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። "አውልቅ ይሄን ቡትቶ! በዚህ ነው ንጹህ ጥጥ የምትነካው?" ነጥቃኝ ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገችው። ከዚያ ጸጉር ሠሪዋን ወደ ጥግ ጠርታ በጆሮዋ የሆነ ነገር አለቻት። ዓይኔ ካልዋሸኝ ጸጉር ሠሪዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከድንጋጤ ነው መቼም።

"ፍራሾቹ በሙሉ ይከፈታሉ!" አለች አክስቴ። "ዛሬ ሁላችሁም ሲሚንቶ ላይ ትተኛላችሁ። ማጉረምረም የፈለገ ወደዚህ ፌንጣ ያጉረምርም!"

አጉረመረሙብኝ። ደስ ብሏቸው ነው የሚያጉረመርሙት፤ ይህን ዓይነት ሰው አይቼ አላውቅም።

እኔም ሲሚንቶ ላይ ነኝ። ጎኔን ይወጋኛል። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሩ እንቅልፍ ይዞኝ አያውቅም።

ረቡዕ

እረፍት የለም። በሰልፍ አስቀምጣናለች። ልጆች ጥጥ ይለያሉ፣ ትልልቆቹ ያፍታታሉ። ጋሼ ሹፌሩ ከረጢት አመላላሽ ናቸው፤ መስመር በሳቱ ቁጥር "እርስዎ ደግሞ መንጃ ፈቃድዎን ማን ሰጠዎት?" ትላቸዋለች፣ እሳቸውም እንደ ሽልማት ይቀበላሉ። የውሃው ወረፋ እንደ ክር ተወጥሯል፤ አንዴ በመስኮት ብቅ ብላ "ባለ ቢጫዋ!" ብትል በቃች።

ወይዘሪት ፊት ካርዶቿን ይዛ በር ላይ ደረቀች።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ቆመሻል? እጅ የለሽም?" አለቻት አክስቴ።

"አለኝ፣ እማማ።"

"ታዲያ እነዚያን ፊቶች አስቀምጪና እጅሽን አምጪ።"

አማካሪዋ ዓይኗ ውስጥ እንባ ሞልቶ ጥጥ ስታፍታታ ዋለች። አቧራው ነው አለች። እኔም ዛሬ አቧራው አስቸግሮኛል።

የጋሼ ሹፌሩ ፍራሽ ተከፈተ። አክስቴ እጇን ከተተችና ጓጉሎ የደረቀ እፍኝ ጥጥ አውጥታ ለሕዝብ አሳየች። "ይኸውላችሁ፣ የሊቁ አንጎል።" የሚጢጢም ተከፈተ። ጥጡን በጣቴ አንድ በአንድ ፈለቀቅኩ። የለም። እናትየዋ ግን አጠገባችን ቁጭ ብላ ታንጎራጉራለች! የልጇ ነገር አያስጨንቃትም? ዘንድሮ እናትም እንዲህ ሆነች።

አክስቴ ያለቀውን እየሰፋች ነው። እየወጋች፣ እየሳበች፣ እየወጋች። ልቧ በቦታው ነው። የኔ ብቻ ነው በቦታው የሌለው።

ሐሙስ

የመጨረሻው ፍራሽ ተከፈተ። እንደ ዱቄት አበጠርነው። የለም።

"እትዬ፣ በቃ ምድር ዋጠችው" አልኩ።

"ፈልግ።"

"ሁሉንም ፈለግን እኮ!"

"እንግዲያው አፍታታ።"

ጋሼ ሹፌሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ፌንጣ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አክስትህ ከትናንት ጀምሮ የምትሰፋው በምንድን ነው?"

አየሁ። በረጅም መርፌ ነው የምትሰፋው። ከስንዝር በሚያልፍ መርፌ። ከጎርፉ የተረፈው ረጅም መርፌ አንድ ብቻ ነው። ዓይኑ ላይ እኔ ራሴ ያስገባሁት ሰማያዊ ሲባጎ አለ።

ክፍሉ ፈነዳ። ሚጢጢ እየዘለለች "ጭራው! ጭራው!" ትላለች። ማክሰኞ ጠዋት ከረጢት ልሸከም ስል ትከሻዬ ላይ ሰክቼው ኖሯል፤ ከጃኬቱ ስፖንጅ ውስጥ ሾልኮ ጀርባዬ ላይ ቀርቶ፣ ሲባጎው ከታች ተንጠልጥሎ፣ እኔ በዚያ ጭራ ክፍሉን ሁሉ ስዞር ውያለሁ። ጋሼ ሹፌሩም አይተውት ኖሯል። "ፋሽን መስሎኝ" አሉ።

"መቼ ነው ያገኘሽው?"

"ዙር ያልኩህ ጊዜ" አለች፣ ቀና ሳትል እየሰፋች። ለካ ለጸጉር ሠሪዋ ያኔውኑ ነግራታለች፤ በማግስቱ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ከእኔ በቀር።

"ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ልቤ ሲወልቅ ዝም ትያለሽ?"

"ጨው ያለው ሻይ አጠጥተኸኝ የለ? እስከ ጭላጩ!"

"ጥሩ ነበር አላልሽም?"

"አንተ ሌባ፣ ምላሴ ለሦስት ቀን አልሠራም!"

በሕይወቴ እንዲህ የተሸወድኩበት ቀን የለም። ተቀምጬ ሳቅኩ፣ ሳቄ ሲያልቅ ሌላ ነገር ሆነ፣ አቧራው እንደገና ነው። አክስቴ መርፌውን አቆመችና "ያን የመሰለ ፍራሽ መርፌ ኖረበት አልኖረበት መከፈት ነበረበት" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ደግሞ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ነበር። እኔም ተቀምጬ ነበር።"

ከዚያ የሚጢጢን ፍራሽ አፍ ሰብስባ ያዘች። "መርፌ!" ብላ ተጣራች።

ወደ ታች አቀብላኝ ነበር፤ እጄ ውስጥ ነው። ወደ ላይ አነሣሁት። ግን እኔ አፌን ሳልከፍት ስምንተኛ "ለ" በሙሉ፣ ያ የሚያንኮራፋውም፣ ወይዘሪት ፊትም፣ በአንድ ድምፅ "በእጄ!" አለ።

"ዋሾ ሁላ!" አለች አክስቴ። "መርፌው አንድ ነው!"

እሑድ

ጃኬቴን መለሰችልኝ። ጀርባው ላይ የነበረው ቀዳዳ ተሰፍቷል፣ ስፌቱ አይታይም። ያ ጢም የሣልኩበት ካርድ ደግሞ ከውጩ ኪስ ወጥቶ በልቤ በኩል ያለው የውስጥ ኪስ ገብቷል፤ በላዩ ቁልፍ ተሰፍቶ ተቆልፎበታል። ድሮ ቁልፍ አልነበረውም። ምንም አልጠየቅኳትም፣ ምንም አላለችኝም። "ብርድ ነው፣ ልበስ፣ አንተ ቆዳ" ብቻ።

ስምንተኛ "ሀ"ዎች ፍራሽ ይሠራልን ብለው መልእክተኛ ልከዋል። አክስቴ መጀመሪያ ወረፋ መያዝ ይማሩ አለች። ነገ ከጋሼ ሹፌሩ ጋር ሱቁ ሄደን ያን የስፌት መኪና በጋሪ እናመጣዋለን፤ ጭቃውን አውጥታ ልታናግረው ነው። መኪናው ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ደብተር ሆይ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዘመድ አዝማድ ጠርቼ ትልቅ ሐዘን አውጄ ነበር። ዛሬ ተረጋግቼ ሳየው ያን ያህል የሚያስጠራ ነገር አልነበረም። አንዲት ሴትዮ ለጥቂት ሳምንት ዝም አለች፣ አንድ መርፌ ለግማሽ ቀን ጃኬት ላይ ተሰክቶ ዋለ፣ በቃ። ሐዘን ልትደርሱ የተነሣችሁ ከመንገድ ተመለሱ።

እየጠራችኝ ነው። በረንዳው ላይ ቆማ፣ በሙሉ ድምጿ። የምትለውን ልጽፈው ነበር፣ ግን ይህ ወረቀት ስስ ነው፣ ይቀደዳል።